በትምህርትና በዲጂታል መማር ማስተማር ኦንላይን ዲግሪ መያዝ፦ ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ከመሐል ሜዳ የሚደውል አለ። ከአረርቲ መልእክት የሚልክ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ሻይ ጋብዞ የሚጠይቅም አለ፤ የደብረ ብርሃን ሻይ ደግሞ ወሬው ሳይጀመር ነው የሚቀዘቅዘው። ጥያቄዎቹ ግን ይመሳሰላሉ። መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው።

ሰሜን ሸዋ ስል ደብረ ብርሃንን ማእከል ያደረገውን ዞን ማለቴ ነው። የፍቼዎቹም ሰሜን ሸዋ ናችሁና አንብቡት፤ ጣጣው አንድ ነው።

ስለ እኔ በአጭሩ፦ አንደኛ ደረጃ አስተምር ነበር። እያስተማርኩ ውጭ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ተማርኩ። 2010 ዓ.ም. ጀመርኩ፣ 2017 ጨረስኩ። መሐል ላይ ዊዝድሮ ሞልቼ አንድ ዓመት አቋርጫለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ያነበብኩት ነው፤ ግማሹ የደረሰብኝ።

ይሄ ነገር ኮምፒውተር ነው ወይስ መምህርነት?

መሐል ላይ ነው፤ ግን ወደ መምህርነቱ ያደላል። ዋናው ጥያቄ «ሰው እንዴት ይማራል?» የሚል ነው። ስልኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሬዲዮው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ኮድ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ሌላ ትምህርት ክፍል ይፈልግ።

እኔ ሁልጊዜ የማስረዳው በፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። ክፍሉ ፊት ለፊት በሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን አለ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ያብራራል። ጥያቄ ይጠይቃል። ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል። ከዚያ ሁላችንም የመለስን ይመስል አመስግኖን ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። የራሳችን መምህር ጥግ ይዞ አብሮን ያያል። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ሄደ፤ ነገ ሌላ ምዕራፍ ነው።

ዕቃው ምንም አልነበረበትም። ምስሉ ጥሩ ነበር። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። የተረሳው ተማሪው ነው። የሚሄድበት ፍጥነት፣ የሚገባው ቋንቋ፣ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» የሚልበት ቦታ። የክፍሉ መምህርም ተረስቷል፤ ከአስተማሪነት ወደ ተመልካችነት ወርዷል። ይህ ዲግሪ እንዲህ ያለውን ነገር ከሥሩ የሚያጠና ነው። እኔ ከመጀመሬ በፊት «ዲጂታል ትምህርት» ማለት ጥሩ ላፕቶፕና ፈጣን ኔትወርክ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ጥሩ ላፕቶፕ ይዞ ፕላዝማውን መድገም በጣም ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋም ያየነው ይኸው ነው። ቴሌግራም ላይ ኖት በፎቶ እየተነሣ ይለቀቅ ነበር። ያነበበው ማን ነው? ማንም አያውቅም።

ምን ምን ኮርስ አለው?

የኮርሱ ስም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ይዘቱ ግን ይቀራረባል።

መጀመሪያ ዓመት ላይ የመማር ንድፈ ሐሳብ ይበዛል። ቪጎትስኪ የሚባል ሩሲያዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1896 ተወልዶ በ1934 በለጋነቱ የሞተ ሰው ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ልጁ ብቻውን የማይችለው፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሲሆን ግን የሚችለው ነገር አለ፤ ማስተማር እዚያ ላይ ነው። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የመንዝ ገበሬ ነው። አባት ልጁን እርሻ ሲያስተምር መጀመሪያ እርፉን አብሮት ይይዛል። ሲቆይ እጁን ያላላል። አንድ ቀን ልጁ ትልሙን ጨርሶ ዞር ሲል አባትየው ዳር ቆሞ ነው። የቆሎ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው፤ ዳዊት የደረሰው ፊደል የጀመረውን ያስቆጥራል። ይህን አሳይመንት አድርጌ ጻፍኩት። ከሠራኋቸው ሁሉ ጥሩ ነጥብ ያመጣሁበት እሱ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲባል የራሳችንን ነገር ደብቀን የነሱን ብቻ መጻፍ ያለብን ይመስለናል። የሚፈልጉት ተቃራኒውን ነው።

ቀጥሎ የትምህርት ንድፍ ይመጣል። መተንተን፣ መንደፍ፣ ማዘጋጀት፣ መተግበር፣ መገምገም የሚባሉ አምስት ደረጃዎች አሉ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1975 ለአሜሪካ ጦር ሥልጠና ተብሎ የተሠራ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ይዘልና ቪዲዮ መቅረጽ ይጀምራል። ምዘናም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የብሉም አከፋፈል ከማስታወስ እስከ መመዘን ድረስ ጥያቄን በደረጃ የሚያስቀምጥ ነው። እዚህ ማስተማር የሠለጠነ ሰው ብሉምን በስም ያውቀዋል፤ በእውነተኛ ፈተና ወረቀት ላይ ሲጠቀምበት ግን ብዙም አላየሁም።

ሌላው ሥዕልና ድምፅ አእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ ነው። ስላይድ ላይ የጻፈውን ቃል በቃል የሚያነብ አሠልጣኝ ገጥሟችሁ ያውቃል? ያ ሰው ተማሪውን ከመርዳት ይልቅ እንደሚያደክመው በጥናት የታየ ነገር ነው። ዓይንና ጆሮ አንዱን ጽሑፍ ሲሻሙ ይውላሉ።

ከዚያ ውጭ ሙድልን የመሰሉ የትምህርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች አሉ። ሙድል እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ማንም ትምህርት ቤት ሳይከፍል ሊጭነው ይችላል። የአካል ጉዳት ላለባቸው ተማሪዎች የሚመች ትምህርት ማዘጋጀት፣ የልጆችን መረጃ መጠበቅ፣ ትንሽ የምርምር ዘዴ፣ መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ።

ከርቀት ትምህርት በምን ይለያል?

ርቀት ትምህርት ሲባል እኛ የምናውቀው ሞጁል ተቀብሎ፣ ቤት አንብቦ፣ በየተወሰነ ጊዜ ቱቶሪያል ገብቶ፣ ፈተና መፈተን ነው። ኦንላይን ሲሆን ሞጁሉም ውይይቱም አሳይመንቱም በኢንተርኔት ነው። በየሳምንቱ ትታያላችሁ። ጠፍቶ ፈተና ሲደርስ ብቅ ማለት አይሠራም።

ስጨርስ መንግሥት ትምህርት ቤት እቀጠራለሁ?

ይህን ጥያቄ ሰው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚጠይቀኝ። እባካችሁ አስቀድሙት።

በቀጥታ አይደለም። «ትምህርት» የሚል ቃል ዲግሪው ላይ ስላለ ብቻ መምህር አያደርግም። ራሷ እንግሊዝ ውስጥ እንኳ በትምህርት ጥናት የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ብቻውን የመምህርነት ብቃት ማረጋገጫ አያሰጥም፤ ለዚያ ሌላ ሥልጠና አለ። እኛ ጋም መንገዱ ሌላ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያልፋል፤ ደብረ ብርሃን ያለው አንዱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚጠየቀው የትምህርት ዓይነት ነው። ፊዚክስ ወይስ ታሪክ ወይስ አማርኛ? በዲጂታል ትምህርት የተመረቀ ሰው ለዚህ መልስ የለውም።

አስቀድማችሁ መምህር ከሆናችሁ ግን ነገሩ ይለያል። እኔ ዲፕሎማዬ በእጄ ነበር። ዲግሪው በዚያ ላይ ተጨመረ እንጂ ቦታውን አልተካም። መምህር ሆናችሁ ለደረጃ ዕድገት ወይም ለደመወዝ ማሻሻያ ብላችሁ የምትማሩ ከሆነ ዞን ትምህርት መምሪያ ሂዱና ጥያቄውን በደብዳቤ አቅርቡ፤ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። «አዎ፣ ይያዝልሻል» ብሎ በቃል የነገረኝ ሰው ነበር። ዲግሪው ሲመጣ እሱ ተዛውሯል።

ታዲያ ምን ሥራ ይገኝበታል?

ከምትጠብቁት በላይ፣ ግን ከምትጠብቁት ቦታ አይደለም። ባንኮች ሠራተኞቻቸውን የሚያሠለጥኑበት ክፍል አላቸው፤ ሥልጠናውን ወደ ኦንላይን ያወረዱ አሉ። ዩኒቨርሲቲዎች የኢ-ለርኒንግ ክፍል አላቸው። በትምህርት ላይ የሚሠሩ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሥልጠና ማኑዋል የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልጋሉ። የግል ትምህርት ቤቶች፣ ለልጆች አፕሊኬሽን የሚሠሩ ልጆች፣ አሳታሚዎች። አብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ነውና ለደብረ ብርሃን ሰው ሩቅ አይደለም፤ ለመሐል ሜዳ ሰው ሩቅ ነው።

ማስታወቂያ ላይ «ዲጂታል ለርኒንግ» የሚል መደብ ስትፈልጉ ብዙ አታገኙም። «የሥልጠና ባለሙያ» የሚለውን ክፈቱት። ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ ዲግሪውን ከማሳየት በፊት የሠራችሁትን አሳዩ። አንድ ጥሩ ትምህርት አዘጋጅታችሁ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ።

ዲግሪው እዚህ አገር ይታወቃል?

ሁለት መንገድ አለ።

የውጭ ዲግሪ ከሆነ የአቻ ግምት፣ ማለትም ከአገር ውስጡ ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ፣ ያስፈልገዋል። የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ አንዳንዱ አሁንም በድሮ ስሙ «ሄርቃ» ይለዋል። ዩኒቨርሲቲው በራሱ አገር ዕውቅና ያለው መሆኑ የመጀመሪያው ነገር ነው። ድረ ገጹ ላይ «ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለን» የሚል መጻፉ ማስረጃ አይሆንም፤ ገንዘብ ተቀብለው ዕውቅና የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ። የአገሩ መንግሥት ወይም ሕጋዊ አካል ከሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። በሁለት ሳምንት ዲግሪ እንሰጣለን የሚል ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

የአገር ውስጥ ከሆነ «ተቋሙ ፈቃድ አለው» አይበቃም። ፈቃዱ በፕሮግራም፣ በካምፓስና በአሰጣጥ ነው። አንድ ኮሌጅ በመደበኛ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ኖሮት ለሌላ ትምህርት በኦንላይን ላይኖረው ይችላል። ሦስቱንም ጠይቁ። ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው። በርቀትም ሆነ በሌላ መንገድ የተማረ አያመልጥም። ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

12ኛ ክፍል ነጥቤ ዝቅተኛ ነው። ውጭ ይቀበሉኛል?

አንዳንዱ ይቀበላል። የመሰናዶ ዓመት አስገብቶ የሚጀምር አለ። ዲፕሎማና የሥራ ልምድ የሚይዝም አለ። «ክፍት» የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሐሳባቸው ይኸው ነው፤ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም የመግቢያ ነጥብ ሳይጠይቅ ሰውን ለመቀበል ነበር። ከአፍሪካ ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት ያስተማረ ነው፤ አቃቂ ላይ ማእከል ከፍቶ ብዙ ኢትዮጵያዊ ተምሮበታል።

ግን አንድ ነገር፦ እነሱ ተቀበሉ ማለት እዚህ አቻ ግምቱ ያልፋል ማለት አይደለም። እዚህ ለዲግሪ መግቢያ ምን ነጥብ እንደሚጠየቅ ባለሥልጣኑን ጠይቃችሁ ጀምሩ።

በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስዳል?

በእንግሊዝ አሠራር ሙሉ ዲግሪ 360 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት 10 ሰዓት ተብሎ ይታሰባል። 3,600 ሰዓት ማለት ነው። ሙሉ ጊዜ የሚማር በ3 ዓመት ይጨርሰዋል። እኔ እንዳደረግሁት በግማሽ ጭነት ከሆነ በዓመት 60 ክሬዲት፣ 600 ሰዓት። በ40 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት 15 ሰዓት ነው።

15 ሰዓት ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኔ ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር የማነበው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ለካ የነሱም ትምህርት የሚዘጋው ያኔ ነው። የእኛ ትምህርት ቤት ፈተና ሲደርስ የነሱም አሳይመንት ይደርሳል። ወር ላይ ዓመት በዓል አለ፣ ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ። ለቅሶ ደግሞ «አሳይመንት አለብኝ» ብሎ አይቀርም። ስለዚህ 15 ስትሰሙ 20 ብላችሁ ያዙት።

መብራትና ኔትወርክ እንዴት ይሆናል?

ከተማችን ስሟ የብርሃን ደብር ነው። አጼ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ወርዶ አይተው የሰየሟት ናት ይባላል። አሳይመንት ልልክ ስል ስንት ጊዜ እንዳስታወስኳቸው አትጠይቁኝ።

መልሱ አስቀድሞ ማውረድ ነው። ሳምንቱ ሲከፈት ንባቡንም ቪዲዮውንም አውርዱ። ቪዲዮ በከፍተኛ ጥራት በሰዓት ከ1 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ ጥራቱን ወደ 360 ስታወርዱት ከግማሽ በታች ይሆናል። ሰውየው ሰሌዳ ላይ ካልጻፈ ፊቱን በጥራት ማየት ምን ያደርጋል? የሌሊት ፓኬጅ ይረክሳል፤ እኔ ስልኬን ለማውረድ ጥጄው እተኛለሁ። ጽሑፋችሁን ከመስመር ውጭ ጻፉ፣ ከዚያ ለጥፉ። ፓወር ባንክ ያዙ። ሁለት ሲም ይኑራችሁ።

የቦታ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው፤ ጣርማ በር ዋሻውን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ወይም የጀማን ሸለቆ ይዛችሁ ወደ መርሐቤቴ ስትገቡ ኔትወርኩ እንደ ገደሉ ነው፤ አንዱ መታጠፊያ ላይ አለ፣ ቀጣዩ ላይ የለም። አንዲት የማውቃት መምህርት አሳይመንቷን የምትልከው ከሰፈሯ በላይ ያለ ኮረብታ ላይ ወጥታ ነው። ሰው በግ ልትጠብቅ የወጣች ይመስለው ነበር።

ከዚህ የባሰም ይመጣል። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ አሳይመንት አልነበረም የሚታሰበው። በ2015 መጨረሻና በ2016 ደግሞ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። የኔ ዊዝድሮ የዚያ ጊዜ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ከአቅም በላይ ለሆነ ችግር ጊዜ የማራዘም ደንብ አለው። ችግሩ፣ ማመልከቻው ራሱ በኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ገና ሲጀመር ለአማካሪያችሁ ኢሜይል ጻፉ፤ «ያለሁበት አካባቢ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል፤ ድምፄ ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው» በሉ። እኔ እንዲህ ጽፌ ስለነበር ስመለስ ቦታዬ ጠበቀኝ። አብራኝ የጀመረች አንዲት የሸዋ ሮቢት ልጅ አልጻፈችም፤ ከመዝገብ ተሰርዛ ነው ያገኘችው።

ስለ አሳይመንት ማስረከቢያ ሰዓት ሁልጊዜ ለምን ትጮኺያለሽ?

ስለተቃጠልኩበት ነው።

እንግሊዞች «እስከ 23፡59» ሲሉ በኛ ከሌሊቱ 8፡59 ነው። ይህ በክረምታቸው ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እሑድ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እሑድ፣ በነሱ ወር አቆጣጠር፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል። ያኔ ማስረከቢያው ከሌሊቱ 7፡59 ይሆናል። እኔ ይህን አላወቅሁም። አንድ ግንቦት ላይ ከሌሊቱ 8፡20 ሲሆን «ገና 39 ደቂቃ አለኝ» ብዬ ቡና አፍልቼ ተቀመጥኩ። ለካ 21 ደቂቃ አልፎብኛል። ነጥብ ተቀነሰብኝ። ቡናውን ጠጣሁት።

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ላይ ይህ ሲጨመር ጭንቅላት ይዞራል። ግድግዳ ላይ በአማርኛ ሰዓትና በአማርኛ ቀን ጽፋችሁ ለጥፉ። ማስረከቢያውን ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት አድርጋችሁ ራሳችሁን ሸውዱ።

ስንት ብር ያስወጣል?

ክፍያው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የብሩ ነገር ግን ከክፍያው በላይ ያደነግጣል። እኔ ስጀምር 1 ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ 57 ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው በዶላር አልጨመረብኝም፤ እኔ ግን የመጨረሻውን ዓመት የከፈልኩት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ድምር በላይ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዋጋ በስድስት አባዝታችሁ «ይሄን ያህል ነው» አትበሉ።

አከፋፈሉም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ቴሌብር የውጭ ዩኒቨርሲቲ አይቀበልም። ባንካችሁ ሂዱ፣ የተቀባይነት ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ (ኢንቮይስ) ይዛችሁ፤ ለትምህርት ክፍያ የውጭ ምንዛሪ እንዴት እንደሚሰጡ ጠይቁ። ውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍልላችሁ ካደረጋችሁም ደረሰኙን በስማችሁ አስወጡ።

ነጻ የለም ወይ ለምትሉ፦ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የሚባል እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመ የአሜሪካ ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ አለ። የትምህርት ክፍያ የለውም፤ የማመልከቻና የየኮርሱ ምዘና ክፍያ ግን አለው። በትምህርት ዘርፍ የሚሰጠው ማስተርስ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዛችሁት ነው የሚሆነው።

እንግሊዝኛዬ አይረባም።

የኔም አይረባም ነበር። ብዙዎቹ አይኤልትስ ወይም ዱኦሊንጎ የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠይቃሉ። ከፈተናው ይልቅ የሚከብደው ንባቡ ነው፤ በሳምንት አርባ ሃምሳ ገጽ። የመጀመሪያው ወር አንዱን ገጽ በሁለት ሰዓት ነበር የማነበው። ስድስተኛው ወር ላይ ቃላቱ ተመላልሰው ያው መሆናቸው ገባኝ። የመስኩ ቃል ሁለት መቶ ቢሆን ነው። ደብተር ያዙ፣ አማርኛውን ከጎኑ ጻፉ። አማርኛ ካጣችሁለት ሐሳቡ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ለኔ መለኪያዬ ይህ ነው።

ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስም ይላል። ምን ልጻፍ?

የአባት ስም። ግን ዋናው ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው መሆኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርት፣ ፋይዳ ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ተያዩ። አንዲት ፊደል የምትለይ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት አስተካክሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ፤ አንዱ ላይ በእኛ፣ አንዱ ላይ በፈረንጅ ተጽፎ ሁለት ጊዜ የተወለዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ተግባራዊ ልምምድ አለው?

ብዙዎቹ ላይ አለ። እዚያው ሰፈራችሁ ትምህርት ቤት መሥራት ትችላላችሁ። ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ፣ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ፣ ከርእሰ መምህሩ ይሁንታ ያስፈልጋል። የልጆች ፎቶና ስም ላይ በጣም ጥብቅ ናቸው፤ ያለ ወላጅ ፈቃድ ምንም አይነካም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ክፍል ስለሆነ። የመመረቂያ ሥራዬን የሠራሁት ኢንተርኔት በሌለው ትምህርት ቤት ነው። ኮሊብሪና ኪዊክስ የሚባሉ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ። ትምህርቱን፣ ዊኪፔዲያን ሳይቀር፣ አንድ ጊዜ ከተማ ላይ ታወርዱታላችሁ። ከዚያ በትንሽ ኮምፒውተር ጭናችሁ ክፍል ውስጥ ስታስቀምጡት የራሱን ዋይፋይ ያሰራጫል። ተማሪዎቹ ያለ ምንም ዳታ በታብሌት ወይም በስልክ ይከፍቱታል። መብራቱን ከሶላር አመጣን። ዕቃው በአንድ ቀን ሠራ። ሦስት ወር የፈጀው መምህራኑ የሚያዘጋጁት የአማርኛ ጽሑፍ ነው። ኖታቸው በሙሉ ፓወር ግዕዝ በሚባለው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ነበር፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጉንዳን የሄደበት ወረቀት ይመስላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚያነቡት የፊደል ሥርዓት ውስጥ ማለት ነው፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ አሁንም አንድ ትምህርት ቤት ኖቱን እንደገና ይተይባል። ዲጂታል ትምህርት ማለት አንዳንዴ ይሄ ነው፤ መተየብ።

በስልክ ብቻ ይቻላል?

ንባቡ ይቻላል። ሦስት ሺህ ቃል መጻፍ አይቻልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ግዙ፤ ባትሪውን አስፈትሻችሁ።

አሳይመንቱን በቻትጂፒቲ ብሠራውስ?

ኅዳር 2015 ላይ ቻትጂፒቲ ሲወጣ እኔ መሐል ላይ ነበርኩ። ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። የውይይት ገጹ በአንድ ጊዜ በሚያምር እንግሊዝኛ ተሞላ፤ ሁሉም አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ደንብ አውጥተዋል። አንዳንዱ ለማረምና ለማብራሪያ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይፈቅድም። የየኮርሱን አንብቡ። ያልነበረ መጽሐፍና ያልነበረ ጸሐፊ ፈጥሮ እንደሚሰጥም እወቁ፤ መምህራኑ መጀመሪያ የሚያዩት ማጣቀሻውን ነው።

እኔ የምጠቀምበት አንድ ነገር ላይ ነው፤ ከባድ አንቀጽ ሲገጥመኝ «በቀላሉ አስረጂኝ» እለዋለሁ። ከዚያ ዋናውን ተመልሼ አነባለሁ። ይህ እርፉን አብሮ መያዝ ነው። ማረሱን ለሱ ከሰጠሁት ደግሞ ፈተና ላይ ብቻዬን ስቆም በሬዎቹ አያውቁኝም።

ከመክፈሌ በፊት ልሞክረው የምችለው ነገር አለ?

አለ። «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው በ2016 መጨረሻ የተጀመረው ነጻ ሥልጠና አለ። የትምህርት ኮርስ አይደለም፤ ግን ብቻችሁን፣ በኦንላይን፣ በእንግሊዝኛ አንድ ኮርስ ጀምራችሁ መጨረስ መቻላችሁን ያሳያችኋል። ሰርተፍኬትም ይሰጣል። እሱን ሦስት ጊዜ ጀምሮ የተወ ሰው በዶላር ከመክፈሉ በፊት ቆም ብሎ ያስብ።

ቤተሰቤ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ዩኒቨርሲቲ ነው» ይሉኛል።

አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አላመነኝም። «ስልክ ላይ ተጥደሽ ትውያለሽ፤ ግቢ የለ፣ መምህር የለ፣ ዶርም የለ» ይለኛል። በጎረቤት ሲጠየቅም «ትንሽ ኮርስ ነገር ትወስዳለች» ነው መልሱ። ማስረዳት ሰልችቶኝ አንድ ቀን የተቀባይነት ደብዳቤውን በቀለም አሳተምኩና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽሩን አድርጎ ቁጭ አለ። እንግሊዝኛውን አላነበበም። ታች ያለውን ማኅተም በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «እንግዲያው ማታ ማታ እቃ ማጠቡ ይቅርብሽ» አለኝ።

ማኅተሙ ኮፒ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።